ዋርሳዬ፣ ጋሼና የጠፉት ስድስት ኪሎዎች

በዚያ ክረምት ሰው ሁሉ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ጨምሮ ነበር። ምግብ በዝቶ አይደለም፤ ዝናቡ ነው። ጠዋት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዕቃ እንደረሳ ሰው ተመልሶ ይመጣል። የጤና ጣቢያችን ግድግዳ ያልበው ነበር። ወረቀቱ ይለሰልሳል፣ እስክሪብቶ አይጽፍበትም፣ ክብሪት አይጫርም። ታካሚው የረጠበ ካፖርቱን እንደለበሰ ሚዛን ላይ ሲወጣ መርፌዋ ወደ ቀኝ ትሮጣለች፤ ሲስተሯም «ኮት ይውለቅ! እኛ ሰው እንጂ ዝናብ አንመዝንም!» ብላ ትጮሃለች። ያን ክረምት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ብርዱ አይደለም። የረጠበ ሱፍ ሽታ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ካፖርቴን አላወልቅም ብሎ ሚዛኑ ላይ የተገተረው የዋርሳዬ ቀጭን አንገት።

ዋርሳዬ የምለው የታናሽ እህቴን ባል ነው። ስም ነበረው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው ግን አልነበረም። «ያዡ» ነው የሚሉት፤ ሥራውም መያዝ ነው። ከጤና ጣቢያችን ሁለት መንገድ ማዶ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነበር። ሐኪሟ ስትወጋ፣ ስትሰፋ፣ ጥርስ ስትነቅል ውሻውን የሚይዘው እሱ ነው። የሚኖረውም እዚያው ክሊኒኩ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ሰውነቱ የሸንበቆ ያህል ነው፤ እጁ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ጥጃ የሚያክል ውሻ ይዘው የሚመጡ ዘበኞች መጀመሪያ ሲያዩት ይስቃሉ። ኋላ ውሻቸው በዚያ ቀጭን ክንድ ስር እንደ ሕፃን ጋደም ሲል ሳቃቸውን ይውጣሉ።

«ውሻ በጉልበት አይያዝም፣ እትዬ» ይለኝ ነበር። «አንድ ክንድ ባንገቱ ስር፣ አንዱን በሆዱ ስር። ከዚያ ጆሮው ላይ ቀስ ብሎ ማውራት ነው።»

«ምን ትለዋለህ?»

«አንቺን አማለታለሁ። ሐሜት ደስ ይላቸዋል።»

እኔ ደግሞ ጤና ጣቢያው ውስጥ ለኪ ነበርኩ። የገባሁት በጽዳት ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ቁጥር ግን አይስተኝም። ይህን ያየችው ሲስተሯ አንድ ቀን መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብላ የክንድ ሜትር ሰጠችኝ። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች ወር በወር እንለካለን። ሜትሩ ባለ ሦስት ቀለም ነው፤ በትከሻና በክርን መካከል ይጠመጠማል። ሃያ ሦስት ሴንቲና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው፣ ከሃያ አንድ በታች ቀይ፣ መሃሉ ቢጫ። አረንጓዴ ሰው «በሉ ደህና ይግቡ» ይባላል። ቢጫ ሰው በቀን ሁለት እሽግ የለውዝ ቅቤ ይታዘዝለታል። ይህ ቅቤ ጣፋጭ ነው፤ ጫፉን ቀደድ አድርጎ እየጨመቁ መላስ ብቻ ነው፣ ማኘክ የለበትም። ቀይ ሰው ግን አልጋ ይይዛል።

እህቴን የወሰዳት ይኸው ቫይረስ ነው። መድኃኒቱ በእሷ ጊዜ አልደረሰም፤ ለእሱ ግን በዓመቱ ደረሰለት። ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ «እሱ መብላት ይረሳል። አደራ፣ እህቴ» አለችኝ። ስለ በሽታው ምንም አላለች፤ ስለ ምሳው ነው የነገረችኝ። ዋርሳዬ መድኃኒቱን አንድም ቀን አዛብቶ አያውቅም። ስለ ሕመሙም አይደብቅም ነበር። «እኔና ቫይረሱ አከራይና ተከራይ ነን» ይላል ወረፋ ላይ ለተቀመጡት። «መድኃኒቱ ደግሞ ዘበኛው ነው። ተከራዩ ድምፅ ካሰማ ዘበኛው ዝም ያሰኘዋል። ማስወጣት ግን አልቻልንም፣ ውል አለው።» አዲስ የመጡት፣ ፊታቸው የጨለመው ሁሉ፣ በዚህ ሳይወዱ ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ያ ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ያረጀ ውሻ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ መጣ። መኪና ገጭቶት መንጋጋው ተሰብሯል። ባለቤቶቹ በር ላይ አስቀምጠውት «ነገ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሐኪሟ መንጋጋውን በቀጭን ሽቦ አሰረችለት። ፊቱ ሸብቷል፣ ቅንድቡ ረዝሟል፣ ሲያይህ «ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ይመስላል። ዋርሳዬ «ይህ ትልቅ ሰው ነው» ብሎ ጋሼ አለው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ክሊኒኩ በሙሉ ውሻውን አንቱ ማለት ጀመረ። «ጋሼ፣ ይነሱ እስቲ ልጥረግ።» «ጋሼ በልተዋል?» እኔ ግን እንቢ አልኩ። ልጅ ሳለሁ ውሻ ባቴን ነክሶኛል፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ለውሻ አንቱ አልልም አልኩ።

የክሊኒኩ ባለቤት አንድ ደንብ ነበረው። ባለቤቱ የጠፋ እንስሳ ተንከባካቢ ካለው ይቆያል፤ ከሌለው በሰባተኛው ቀን የመጨረሻዋን መርፌ ይወጋል። ለጋሼ የቆመለት ተንከባካቢ ዋርሳዬ ነው። እሱ ከጠፋ ጋሼም ጠፋ ማለት ነው።

ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ወር ላይ ዋርሳዬ ሃምሳ አራት ኪሎ ነበር፣ ክንዱም ቢጫ። ቅቤው ታዘዘለት። በሁለተኛው ወር ካፖርቱን አላወልቅም አለ።

«ብርድ እንዳይነካኝ ሐኪም አዞኛል» አለ።

«የትኛው ሐኪም?» አለች ሲስተሯ።

«የውሻ ሐኪም ናት፣ ግን ጎበዝ ናት።»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ፤ ሲስተሯም ስቃ አሳለፈችው። ሚዛኑ ሃምሳ ሦስት አለ። ክንዱ የኔ ድርሻ ነው። እጅጌውን ሰበሰብኩና ሜትሩን ጠመጠምኩ፤ ሃያ ተኩል። ቀይ። እሱ ጣሪያውን ያያል። እኔም ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ይህቺን የሌባ ጣቴን ከሜትሩ ስር ሸጎጥኩና ደግሜ አነበብኩ።

«ሃያ አንድ ተኩል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ለምን እንዳደረግሁት ልናገር። ቀይ ከተባለ አልጋ ይይዛል። የጤና ጣቢያችን ማስተኛ ክፍል አንድ ነው። እህቴ የሞተችው እዚያው፣ መስኮቱ ስር ባለው አልጋ ላይ ነው። ዋርሳዬን እዚያ አልጋ ላይ ማየት አልፈለግሁም። በቤቴ እሱን ማዳኔ ነበር። በሦስተኛውም ወር ጣቴን ሸጎጥኩ። ሥራ ለምዳ የለ፣ በሦስተኛው ወር ጣቴ ራሷ ገባች።

ያን ሰሞን ሲስተሯ ከስልጠና አንድ አዲስ ዕቃ ይዛ መጣች፤ የእጅ ጉልበት መለኪያ። እንደ መቀስ እጀታ ያለ ነገር ነው፤ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጨብጠው ቁጥር ይነግራል። «ሰውነት ምግብ ሲያጣ መጀመሪያ የሚሰንፈው ጡንቻ ነው» አለችን። «ሰው ሚዛኑን ሊያታልል ይችላል፣ ጭብጡን ግን አያታልልም።» ይህን ስትል ዋርሳዬ አጠገቧ ተቀምጦ ካፖርቱን ሰብሰብ ሲያደርግ አይቻለሁ። ዕቃው ግን የደስታ ምንጭ ሆነ። ዘበኛችን አርባ ስምንት ጨበጠ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ሃያ ስድስት ጨብጣ ጥፍሯ ተሰበረ። ዋርሳዬ የመጀመሪያ ቀን ሠላሳ አራት ጨበጠና ዘበኛውን «አንተ በር ነው የምትይዝ፣ እኔ ጅብ የሚያክል ውሻ» አለው።

አሁን ወደዚያ ቀን መጣሁ። የዋርሳዬ ቀጠሮ አራት ሰዓት ላይ ነበር፣ ማለዳ ግን ሥራ ገባ። አንድ ትልቅ የጥበቃ ውሻ ፊት እግሩን ቆርቆሮ ቆርጦታል። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ጊዜ ውሻውን ሙሉ በሙሉ አታስተኛም፤ ወደሚታከመው እግር የሚሄዱትን ነርቮች ብቻ ታደነዝዛለች። «የቤቱን መብራት በሙሉ ለምን እናጠፋለን? የአንዱን ክፍል ማጥፊያ ጫን ማድረግ ነው» ትላለች። ዋርሳዬ ያዘ። መርፌው ገባ። ሐኪሟ ልትገፋ ስትል ከውጭ የመኪና ጡሩንባ ጮኸ፣ ውሻው እግሩን ነጠቀ፣ መርፌው ወጣና ውሻውን ባቀፈው በዋርሳዬ አንጓ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀጥ ብሎ ገባ። የገፋችው ማደንዘዣ ሁሉ እሱ ውስጥ ቀረ።

ሐኪሟ መርፌውን ጥላ በአዲስ ቀየረች። «ደህና ነህ? ቁጭ በል እስቲ!» አለችው።

«ለውሻው አያስቡ፣ ከኔ ምንም አይይዘውም። የኔ በሽታ ሰው ነው የሚመርጥ» አለና ሥራውን በግራ እጁ አስጨርሶ እኛ ጋ መጣ።

ሲስተሯ መለኪያውን ሰጠችው። ጨበጠ። ስድስት አለ።

«አይቀልዱ» አለችው።

ደግሞ ጨበጠ። አምስት። ዕቃው ከጣቱ አምልጦ መሬት ወደቀ።

ሲስተሯ ስትሮክ የመታው መሰላት። «ፈገግ ይበሉ!» አለችው። ፈገግ አለ። «ምላስዎን ያውጡ! ሁለቱንም እጆችዎን ወደ ላይ!» ወረፋው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱም አብሮ ምላሱን አውጥቷል።

«ሲስተር፣ ምንም አልሆንኩም፤ የውሻ መርፌ ነው» አለ ዋርሳዬ፣ ምላሱ እንደወጣ።

«የውሻ ምን?! ውሻ ነከሰዎት?»

«ውሻ አልነከሰኝም። ሐኪሟ ናት የወጋችኝ።»

ይህ ነገሩን አባሰው። ሲስተሯ ልብሱን አውልቆ አልጋ ላይ እንዲወጣ አዘዘች። እሱ ደግሞ በደነዘዘ እጁ ቁልፍ መፍታት አልቻለም፤ ባንድ እጁ ካፖርቱን ግጥም አድርጎ ይዞ «ይቅር! ይቅር!» ይላል። እኔና ሲስተሯ በግራና በቀኝ ገብተን ገፈፍነው። ካፖርቱ ከትከሻው ሲለቅ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ባልዲ ሙሉ ሚስማር የተደፋ ነው የሚመስል። ከኪሶቹ ሁለት የውሻ ሰንሰለትና አንድ ቡጢ የሚያክል የብረት ቁልፍ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ።

ከወረፋው አንዲት ሴትዮ «ኧረ ጉድ ነው፣ የታሰረ ውሻ ነው እንዴ?» አለች።

ሲስተሯ ሰንሰለቱን በእግሯ ገፋ አደረገችና ወደ ሚዛኑ ጠቆመችው። አርባ ስምንት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ክንዱን ይለኩልኝ፣ እናቴ። እኔ እያየሁ።» ሃያ። ጣቴ የትም መግባት አልቻለችም።

ደም ተቀዳ። እንቁላል ውስጥ እንዳለው ነጩ ዓይነት ነገር በሰውም ደም ውስጥ አለ፤ አልቡሚን ይሉታል። ሦስት ተኩል መሆን ሲገባው የዋርሳዬ ሁለት ነጥብ አራት ሆነ። ሲስተሯ ወረቀቱን ከክንዱና ከኪሎው ጋር አስተያየችው። «ይህቺ ቁጥር ብቻዋን ዳኛ አይደለችም። ሦስቱም ምስክሮች ግን አንድ ቃል ነው የሚናገሩት» አለች። ከዚያ የሌላውን ምርመራ ወረቀት አነሳች። «ቫይረሱ ጭራሽ አይታይም። መድኃኒቱን በደንብ እየዋጡ ነው። ቅቤውንም ወር በወር ይወስዳሉ። እና ምንድን ነው እንዲህ የሚበላዎት?»

«እኔን የሚበላኝ የለም» አለ ዋርሳዬ። እጁን ያገላብጣል። ማደንዘዣው መልቀቅ ጀምሯል።

አልጋ ያዘ። የቀረው አንድ ባዶ አልጋ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። መስኮቱ ስር ተጋድሞ ሲያየኝ እኔ ዓይኔን ወደ ዝናቡ አዞርኩ።

«እትዬ» አለኝ፤ እንዲያ ሲለማመጥ አይቼው አላውቅም። «ሰባት ቀን ነው ያላቸው። ሂጂና ጋሼን እይልኝ። ልብሴንም አምጪልኝ፣ ፍራሹን ግን አትንኪ።»

ሰው ፍራሹን አትንኪ ካለ እንግዲህ ምን ይደረጋል? ሄድኩ፣ ፍራሹን አነሳሁ።

ከፍራሹ ስር ብርማ ወረቀት ተነጥፏል። የለውዝ ቅቤው እሽግ ነው። አንድ ሁለት አይደለም፤ መቶ ምናምን። ሁሉም ተልሶ ተልሶ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ትንንሽ የጥርስ ምልክት አለ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ ወረቀቶቹን አየ፣ ከዚያ ከንፈሩን ላሰ። ጸጉሩ ቅባት እንደተቀባ ያብረቀርቃል። ጎኑ ሞልቷል። ውሻ ያምርበታል የምል ሰው አይደለሁም፣ ግን አምሮበት ነበር።

ሐኪሟን ጠራኋት። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ገደማ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቀኑን ሙሉ መነጽር የምትፈልግ።

«ዶክተር፣ ይህ ውሻ ምን ይበላል?»

«ማኘክ አይችልም፣ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። ያዡ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ እንጂ አንድ ለስላሳ ነገር ያመጣለታል። በጣም ተስማምቶታል» አለችና የጋሼን ካርድ አወጣች። «ሲመጣ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ነበር። ይኸው ሃያ ሰባት።»

«ስምንት ጨምሯል ማለት ነው።»

«ስምንት።»

«ስድስቱ የዋርሳዬ ነው» አልኳትና ከፍራሹ ስር ያለውን አሳየኋት።

ሐኪሟ የዋርሳዬ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አንዱን ወረቀት አንስታ አየች፣ መልሳ አስቀመጠች። «እኔ እኮ በየቀኑ አየዋለሁ» አለች። «ቀጠነ አላልኩም። ሁልጊዜ ቀጭን ነው አልኩ።» ቀጥላ ደግሞ «ሁለቱ ኪሎ የኔ ሾርባ ነው» አለች። «ምሳዬን እየደበቅሁ አጠጣው ነበር። ያዡ እንዳይቆጣኝ አልነገርኩትም።»

እንግዲህ እንዲህ ነበር። ሐኪሟ ከያዡ ደብቃ ታበላለች፣ ያዡ ከሲስተሯ ደብቆ ያበላል፣ እኔ ከሁሉም ደብቄ ጣቴን እሸጉጣለሁ። ሳይደብቅ የሚበላ ጋሼ ብቻ ነበር።

ሐኪሟ እንደነገረችኝ ሽቦው መውጣት የነበረበት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ጊዜ አጥተው ሳያወጡት ቀሩ። ከወጣ ጋሼ እንደማንኛውም ውሻ ትራፊ ይበላል፤ የሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። ልቡ አርጅቷልና ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጠውም፤ መንጋጋውን ብቻ አደንዝዞ ማውጣት ነው። «ግን ያዥ የለኝም» አለችና ከግንባሯ ላይ መነጽሯን አውርዳ አየችኝ።

«እኔ? ኧረ በስማም! እኔ ውሻ በመንገዱ ማዶ ሲሄድ መንገድ የምቀይር ሰው ነኝ!»

«በግድ አይደለም» አለች። «ሌላ ያዥ እስካገኝ መጠበቅ ነው። ያዡ ደግሞ እስከዚያ ቅቤውን ለማን እንደሚያስቀምጥ እርስዎ ያውቃሉ።»

ያዝኩት። አንድ ክንድ ባንገቱ ስር፣ አንዱን በሆዱ ስር። ሐኪሟ ትንሽ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጠችውና አውራ ጣቷን ከታችኛው ከንፈሩ ስር አስገብታ ዳበሰች። «እዚህ አጥንቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ነርቩ በሷ ነው የሚወጣው» አለች፣ ለኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። መርፌው ሲገባ ጋሼ ሰውነቱ ተወጠረ። ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ ሲነድ ይሰማኛል። ጆሮው ላይ ማውራት አለብኝ፣ ግን ለውሻ ምን ይባላል? የመጣልኝን አደረግሁ፤ ዋርሳዬን አማሁለት። በሰርጉ ቀን በቅጡ ያልታሰረ ሱሪው እንዴት እንደወረደ፣ እህቴ ስቃ እንዴት እንዳለቀች፣ ጨው ስኳር መስሎት ሻይ ውስጥ እንደጨመረና አፍሮ እንደጠጣው። ጋሼ ጆሮውን አዞረ። ሰውነቱ ቀስ በቀስ ላላ።

ሐኪሟ ከንፈሩን በመቆንጠጫ ቆነጠጠችው። ዝም። «ያዘልን» አለች። ሽቦውን እየተረተረች ስታወጣ ጋሼ ዓይን ዓይኔን ያያል፤ «እና ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል ይመስላል። ለሐጩ በክንዴ ላይ ይወርዳል። አልተጸየፍኩም። እኔ ራሴ ገረመኝ።

የሰባት ቀኑን ደንብ ደግሞ በዚያው ቆረጥኩት። የውሻውን ገመድ ያዝኩና ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ደጄ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አየኝ፤ ካልጠሩት የማይገባ እንግዳ ነው። ዝናቡ ይወርድብናል። ግራና ቀኝ አየሁና፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ» አልኩ።

ሐኪሟ «ለሁለት ሳምንት ለስላሳ ነገር ብቻ» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። ዳቦ በሾርባ አርሼ ሰጠሁት፣ በላ። ጠዋት ስነሳ የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ግማሹ የለም።

ጫማዋን በፌስታል ጠቅልዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አይበላም» አለች። «ቅቤውን እሰጠዋለሁ፣ በላሁ ይላል፤ ትራሱን ሳነሳ አራት እሽግ አገኘሁ። ምን ላድርገው?»

ያኔ ነገርኳት። ስለ ውሻው፣ ስለ ፍራሹ፣ መጨረሻ ላይም ስለ ጣቴ። ሰምታ ስትጨርስ ሜትሩን ከኪሴ አወጣችና የኔው ክንድ ላይ ጠመጠመች፤ የራሷን ጣት ከስር ሸጎጠች፣ አነበበች፣ አወጣች፣ ደግማ አነበበች።

«አንድ ሴንቲ» አለች። «ጣትዎ አንድ ሴንቲ ነው፣ እናቴ። ይህቺ አንድ ሴንቲ ሁለት ወር ሰረቀችው። ሁለት ወር ቀድሜ አውቅ ነበር።»

ከአልጋው ላድነው ብዬ ወደ አልጋው የገፋሁት እኔው ነኝ። ሲስተሯ ልታባርረኝ ትችል ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷን እሽግ ሲበላ ቁጭ ብለው የሚያዩት እርስዎ ነዎት» አለችና መንገዱን ለቀቀችልኝ።

ዋርሳዬ መስኮቱ ስር ተቀምጧል። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ፈታው። ጫማዋን አገላብጦ አየ። የጥርሱን ምልክት በጣቱ ነካ፤ የላይኛውን፣ ከዚያም የታችኛውን።

«ሽቦው?» አለ።

«ወጥቷል።»

«ማን ያዘ?»

«እኔ።»

ጫማዋንም ረስቷት እኔን ያየኝ ጀመር። «አንቺ?» አለ። «አንቺ ያዝሽ? ጆሮው ላይ ምን አልሽው?»

«አንተን አማሁልህ። ስለ ሱሪህ ነገርኩት።»

መጀመሪያ ትከሻው ነው የተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ክፍሉን የሚሞላ፣ ጎረቤት አልጋ ያለውን ሽማግሌ የቀሰቀሰ ሳቅ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ ዓይኑን በጫማዬ ጠረገ። «በታችኛውም አኝከዋል» አለ። «ድነዋል በቃ።» ከዚያ ሲስተሯ ከትራሱ ስር አግኝታ ኮመዲኖው ላይ የደረደረቻቸውን እሽጎች አየ፤ አንዱን አነሳ፣ ጫፉን በጥርሱ ቀደደና መላስ ጀመረ።

«ይጣፍጣል እንዴ?» አልኩት።

«እንጃ» አለ አፉ እንደሞላ። «ቀምሼው አላውቅም ነበር።»

ሃያ ሦስት ቀን ተኛ። እኔም ሃያ ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ የሚበላበትን አፍ አየሁ። እህቴ የሞተችበትን አልጋ እየፈራሁት ኖሬ፣ ሰው በልቶ የሚነሳበት አልጋም እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። በወጣ በአራተኛው ወር ክንዱን ለካሁት፤ ሁለቱንም እጆቼን ለሲስተሯ አሳይቼ። ሃያ ሦስት ከግማሽ።

«አረንጓዴ! በሉ ደህና ይግቡ!» አልኩት።

«አባረራችሁኝ ማለት ነው» ብሎ አኮረፈ። ቅቤውን ለምዶት ነበር።

ጋሼ ከኔ ጋር ሁለት ዓመት ኖሩ። ሦስት ጫማ፣ አንድ ትራስና የዘበኛውን ኮፍያ በልተዋል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ ስር እንደተጋደሙ አልተነሱም፤ በዕድሜያቸው ሞቱ። አሁን አንቱ ማለቴን አስተዋላችሁ? እኔም ያስተዋልኩት ከሞቱ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሟ የራሷን ክሊኒክ ሌላ ከተማ ከፈተችና ዋርሳዬን ይዛው ሄደች። እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ ጉልበቴ አውቶቡስ መሳፈር አልችል ካለ ቆየ። ባለፈው ክረምት ስልክ ደውሎ ነበር። ዝናቡ በሱም በኩል ሲወርድ ይሰማኛል። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሆኛለሁ አለኝ። «ካፖርት ለብሰህ ነው?» ስለው «ራቁቴን ነው እንጂ፣ ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና» አለኝ። የሚኖረው የት ነው ብትሉኝ፣ ከዚህ በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ፣ የእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለው የእንስሳት ክሊኒክ ግቢ፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። እዚያ ውሻ ይይዛል።